ሰባት ለአርባ አንድ

አንድ መኪና ምን ያህል ይጎትታል የሚል ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞተር ነው። የፈረስ ጉልበቱን ይጠራል፣ ሲሊንደሩን ይቆጥራል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት ስለ ጎማው ነው። ለዚህም ብዙ ተስቆብኛል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የጋራዡ ልጆች የስንብት ኬኩ ላይ ትልቅ ጎማ አሥለው አቀረቡልኝ። ቆርሼ ከቀመስኩ በኋላ፣ "ለዚህ ጎማ ስንት ማርሽ ይሻለዋል?" አልኳቸው። ሁሉም ስልካቸውን አወጡ።

አልፈርድባቸውም። ዛሬ የጎማውን ቁመትና የጭነቱን ክብደት ከነገሩት ስልኩ መልሱን ይሰጣል። እኔ ሥራውን የተማርኩት ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ከሚጠይቅ ሰው ነው፤ ልማዱ ስለተጋባብኝ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

ሥራ የጀመርኩት አዳማ አጠገብ በነበረ የእርሻ ጋራዥ፣ በትራክተር ነው። ከዚያ ጅጅጋ ሄጄ የሀርጌሳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች ካምፕ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎችን ጠገንኩ። ስደተኞቹ ወደ አገራቸው መመለስ ሲጀምሩ የምሠራበት የእርዳታ ድርጅትም ተከትሏቸው ሀርጌሳ ገባ፤ እኔም ከመሣሪያ ሳጥኔ ጋር ተከትዬ ገባሁ። ደመወዙ ከአገር ቤቱ ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። አለቃዬ ከናይሮቢ የመጡ ሎጂስቲክስ ማናጀር ነበሩ። በየሳምንቱ ሪፖርት ይፈልጋሉ፤ ሪፖርቱን ካገኙ ደግሞ ምንም አይፈልጉም። እንዲህ ያለ አለቃ ለሁሉም አይገጥምም።

ከተማው ያኔ ጣሪያ አልነበረውም። ጦርነቱ ያላፈረሰውን ቤት ዘራፊ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወስዶታል። ጋአን ሊባህ ሰፈር የተሰጠን ጋራዥም ግድግዳው የቆመ፣ ላዩ ሰማይ የሆነ መጋዘን ነበር። ዲፈረንሻል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የጥርስ ሳጥን፣ ከፍተን ሳለ ዝናብ ከመጣ መጀመሪያ የምንሸፍነው እሱን ነው፤ እኛ ብንበሰብስ ፀሐይ ያደርቀናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ዩሱፍ እዚያው ሀርጌሳ ተወልደው ድሬዳዋ ያደጉ መካኒክ ናቸው። አማርኛቸው የድሬ አማርኛ ነው፤ ሁሉንም "አንተ" ይላሉ፣ እሳቸውንም "አንተ" እንዲሏቸው ይፈልጋሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆኑ ስለነበር አፌ እሺ አላለኝም።

"ታዴ፣ አንቱታውን ለአዲስ አበባ ሰው አስቀምጥለት" ይሉኛል። "እኔን አንተ በለኝ።"

"እሺ ሐጂ፣ እርስዎ ካሉ" እላለሁ። ይስቃሉ።

ሐጂ ቶሎ ኮፈን አይከፍቱም። መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡና ወደ እግራቸው ያያሉ። የፔዳሎቹን ላስቲክ ነው የሚያዩት። የፍሪሲዮኑ ተበልቶ አልቆ የፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ "ይሄ ሰው ማርሽ ሲቀያይር ነው የሚኖረው" ይላሉ። ከዚያ ወርደው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። የት ነው የሚወጣው? ምን ይጎትታል? ማን ነው የሚነዳው? ሦስተኛውን እኔ ለሰላምታ ያህል የሚጠየቅ አድርጌ ነበር የምወስደው። ቤተሰብ ደህና ነው እንደማለት።

ዲፈረንሻል ላይ የተለጠፈ ቁጥር አያምኑም። በዚያን ጊዜ ሀርጌሳ ውስጥ አክስሉና ሞተሩ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ መኪና ማግኘት ብርቅ ነበር፤ ሁሉም ከየፍርስራሹ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ የኋላውን ሁለት ጎማ በክሪክ ያነሳሉ፣ ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል፣ ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ዙር አስዙረው ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራሉ። ዘንጉ አራት ጊዜ ከግማሽ አልፎ ከቆመ፣ ትንሹ ጥርስ ፒኞኑ ስምንት፣ ትልቁ ኮሮናው ሠላሳ ሰባት ነው። ጎማውንም የሚለኩት ጭነት ከተጫነ በኋላ ነው። መሬቱ ላይ በጠመኔ አስምረው፣ መኪናውን አንድ የጎማ ዙር አስገፍተው፣ የሄደበትን በሲባጎ ይለካሉ። ለምን ባዶውን አይለኩም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"አንተ በባዶ ሆድህና ጠግበህ እኩል ነህ?" አሉኝ።

ለኩና አሳዩኝ። ጭነት ያረፈበት ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው ባዶ ሆኖ ከሚሄደው በግማሽ ስንዝር ያጥራል።

ስለ ትልልቅ ጎማ ትንሽ ልበል፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ከተማውን የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ የሚወስደው መንገድም ሌላ አሸዋ አለው። ቀጭን ጎማ ይሰምጣል። በየሜዳው ደግሞ ከወታደር መኪና የተረፈ ሰፊና ረጅም ጎማ ሞልቷል። ሹፌሩ ሁሉ እሱን ገጠመና አሸዋውን ተሻገረ፤ ቀጥሎ አቀበቱ ላይ ቆመ። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ከትንሹ ከአንድ ክንድ በላይ አልፎ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ሞተር ነው። አጭር ሰው የረጅም ሰው እርምጃ ተራመድ ተብሎ ጆንያ እንደመሸከም ነው። መድኃኒቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ለውጦ ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ብዙ እንዲዞር ማድረግ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ምን ያህል ይቀነስ፣ ምን ያህል ይጨመር የሚለው ነው ሥራው።

ሐጂ ጥርሶቹን ከፍርስራሽ እየፈቱ፣ ኮሮናውንና ፒኞኑን በሽቦ አንድ ላይ አስረው በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧቸዋል። አንዱን ከሌላው መለየት በእሳቸው ዘንድ ወንጀል ነው። "አብረው ነው የተበላሉት። ከሌላ ጋር ብታጋባው ወላሂ ሲጮህ ይኖራል" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳህራ የምትባል ሴት መኪናዋን እያስጎተተች መጣች። እኛ "ኢዶ ሳህራ" ነበር የምንላት፤ አክስት እንደማለት ነው። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል። ጅጅጋ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ስለቆየች አማርኛ ትሰማለች፣ ስትቆጣም ትናገራለች። ያላት አንድ አሮጌ የጭነት መኪናና ከኋላ የሚጎተት የውሃ ቦቴ ነው። የሚነዳው ልጇ አብዲ ነበር፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። አምስት ነፍስ የሚበላው ከዚያች መኪናና ከአብዲ ነው። ትልልቁን ጎማ ከገጠመ ወዲህ ባዶውን ይሮጣል፤ ቦቴውን ሞልቶ ከወንዙ ሲወጣ ግን ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል።

ሐጂ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን አዩ፣ ወረዱ።

"የት ነው የምትወጣው?"

"ከወንዙ ወደ ገበያው በሚያስወጣው አቀበት" አለ አብዲ።

"ምን ትጎትታለህ?"

"ቦቴ፣ ሙሉ።"

"ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ ነኛ፣ ሐጂ። ሌላ ማን አለ?"

መደርደሪያው ላይ ለዚያ አክስል የሚገጥም ሁለት ጥንድ ነበረን። አንዱ ሰባት ለሠላሳ ዘጠኝ፣ ሌላው ሰባት ለአርባ አንድ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። በወረቀት አስልቼ ጎማው የወሰደውን ጉልበት መልሶ ትንሽ እንደሚተርፈው አይቻለሁ፤ በርበራ ድረስ ጭነት ሲያገኝም ሜዳው ላይ አይንቀራፈፍም፣ ናፍጣም አይፈጅም። ሐጂ አርባ አንዱን ፈለጉ።

"በርበራ በወር አንዴ ነው። አቀበቱ በየቀኑ ነው" አሉ።

"በሠላሳ ዘጠኙም ይወጣል ሐጂ፤ መሀል ላይ አንድ ማርሽ ይቀንሳል እንጂ።"

"አንድ ማርሽ መቀነስ ማለት ፍሪሲዮን መርገጥ ነው።"

"አብዲ ወጣት ነው፣ ይርገጠው።"

ሐጂ አብዲን ከላይ እስከ ታች አዩት። አብዲም ደረቱን ነፋ። ሳቁና ሠላሳ ዘጠኙን አወረዱ። አርባ አንዱን እንደተጠቀለለ መለሱት። ገጠምነው፣ አብዲ ሙሉ ቦቴ እየጎተተ መሀል ላይ አንዴ ቀይሮ ወጣ። ኢዶ ሳህራ አቀበቱ አናት ላይ ቆማ ነበር። የግመል ወተት ሻይ ለሁላችንም አስመጣች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ስሌቴ ልክ ነበር።

ስሌቱ ያላየው የከተማውን ልማድ ነው። ያኔ ሀርጌሳ ውስጥ ጎማ የአንድ ሰው አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ ለሃምሳው ጌጡ ይባል የለ፣ እንደዚያ ነው። ሩቅ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ደህና ጎማ ተውሶ ገጥሞ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ተዋሹ እስኪመለስ በእሱ አሮጌ ይሠራል። እምቢ ማለት ነውር ነው። የውሰት ዕቃ ሲወጣ ደግሞ ከባለቤቱ ቤት አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል፤ ዕቃው እንዳይጎዳ፣ ተዋሹም እንዳይታማ። እኛ ለአንድ መኪና፣ በአንድ ጎማ ልክ ማርሽ መረጥን፤ ጎማው ግን በመንደሩ ውስጥ እንደ ወንፊት ከቤት ቤት ይዞር ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር የኢዶ ሳህራ ባል የአጎት ልጅ፣ ኢስማኢል የሚባል፣ ከካምፕ የሚመለሱ ዘመዶቹን ከነዕቃቸው ለማምጣት ትልልቁን ጎማ ለመናት። ሰጠች። በሯ ላይ ተፈታ፣ የእሱ ትንንሽ ጎማ በእሷ መኪና ላይ ተገጠመ። አብዲ ጎማውን ተከትሎ አብሮ ሄደ። የኢስማኢል መኪና ዲፈረንሻል ያው የድሮው ስምንት ለሠላሳ ሰባት ነው፤ ማንም አልከፈተውም፣ መክፈት ይኖርበታል ብሎ ያሰበም የለም። ሲመለሱ ዘመዶቹን ከተማው ዳር አወረዱና በመንገድ ያገኙትን የጎረቤት ቦቴ ሞልተው ከኋላ አያያዙ። ባዶ ቦቴ ወደ ተጠማ ከተማ ማስገባትም ነውር ነበር።

አቀበቱ መሀል ላይ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ። ኢስማኢል ፍሬን ያዘ፤ ፍሬን ትልቅ ጎማ ለመያዝ ይቸገራል፣ በዚያ ላይ ሙሉው ቦቴ ወደ ታች ይስባል። አብዲ ታኮውን ይዞ ወረደ። ታኮ ጎማ ሥር የሚደገፍ እንጨት ነው፤ ያ ታኮ የተጠረበው ለትንሹ ጎማ ነበር። ከኋላ ጎማው ሥር አስገባው። ትልቁ ጎማ ታኮውን ወጥቶት አለፈ፣ የአብዲንም ግራ እግር።

ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ። ግራ እግር ግን የፍሪሲዮን እግር ነው። አብዲ ከዚያ ወዲያ መኪና መንዳት አልቻለም።

ከሳምንት በኋላ ኢዶ ሳህራ ጋራዡ መጣች። አልተቀመጠችም። ጎማዎቿ ተመልሰው መኪናዋ ላይ ተገጥመው ነበር።

"ሐጂ፣ የልጄን እግር የበላው ምንድን ነው? መንገዱ ነው፣ ጎማው ነው፣ ኢስማኢል ነው?" አለች በአማርኛ። እኔም እንድሰማው የፈለገች ይመስለኛል።

ሐጂ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። ጠመኔያቸውን አውጥተው ግድግዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉ፣ ትልቅና ትንሽ። በትንሹ ሥር ታኮ ሣሉ፣ ያንኑ ታኮ በትልቁም ሥር ሣሉ። ከዚያ ስለ ዲፈረንሻሉ ነገሯት፣ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይደብቁ። ነገርን ከሥሩ ነው የሚወዱት።

"ጎማውን አዋስሽ፣ ማርሹ ግን እቤትሽ ቀረ። ይሄን ልንነግርሽ የሚገባን እኛ ነበርን" አሏት።

"ታዲያ ጎማ ላልሰጥ ነው? ሰው ሲለምነኝ የለም ልበል?"

"አትበይ። መጀመሪያ መኪናውን እዚህ አምጣ በይው። ዘንጉን እንቁጠርለት። ጎማው ሲወጣ ታኮውም አብሮ ይውጣ።"

እያንዳንዱ ትልቅ ጎማ በልኩ የተጠረበ ታኮ በሰንሰለት ታሰረለት። ጎማ ሊዋስ የሄደ ሁሉ "ሐጂ ጋ ቆጥረሃል?" ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። ልማዱ አልቀረም፤ በጋራዡ በኩል ማለፍ ብቻ ጀመረ። በሥራ ዘመኔ ከጠገንኩት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የጠገኑት ግን ሐጂ ናቸው።

የኢዶ ሳህራ ጉዳይ ግን በዚህ አላለቀም። መኪናዋ ደህና ናት፣ የሚነዳት የለም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሐጂ ከመካከላቸው ስለነበሩ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ካሳ ንግግር ሳይጀመር ኢስማኢል ተነሳ። ከዚያ ቀን በፊት ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው ነው።

"የእኔ መኪና ተሰብሯል። እግሬ ግን ደህና ነው" አለ። "የአብዲ ግራ እግር እኔ ነኝ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ይዘዘኝ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እረግጣለሁ። እግሬ እስካለ።"

አብዲ ክራንቹን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። እኔ እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በእሱ ቦታ ብሆን እምቢ የምል ይመስለኛል።

"ማርሽ ስትቀንስ ትዘገያለህ" አለው በመጨረሻ። "እኔ ቀንስ ስልህ ትቀንሳለህ።"

"እቀንሳለሁ" አለ ኢስማኢል።

ከዚያ ጀምሮ ሁለቱን ተለይተው አላየኋቸውም። ኢስማኢል መሪውን ይዞ፣ አብዲ ከጎኑ ተቀምጦ ሞተሩን እያዳመጠ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከማርሽ በቀር ብዙም አያወሩም ነበር ይባላል። ኋላ ተጨቃጨቁ፤ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ የሚጨቃጨቅ ሰው ተላምዷል ማለት ነውና። የአብዲ ልጆች በዚያች መኪና ተማሩ። ኢዶ ሳህራ በሰላም አረፈች። ሐጂ ዩሱፍም አረፉ፤ ጋራዡ ጣሪያ ሲለብስ ለማየት በቅተዋል፣ "አሁን ዝናቡን በምን እናውቃለን?" ብለው አሹፈዋል። እኔ ሠላሳ አንድ ሜይ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ ከተማው ሲሠራ አየሁ። ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ላይ ዛሬ የሚሮጡት መኪናዎች ከነማርሻቸው፣ ከነጎማቸው ተስተካክለው የሚመጡ ናቸው። ጎማ የሚዋስ ሰው የለም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ያቺ መኪና በጋራዡ በር ገባች። ቀለሟ ከየትኛው ቀለም እንደጀመረ አይታወቅም። ኢስማኢል ወረደ፣ ሲወርድ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ጺሙ ነጭ ሆኗል። አብዲ ክራንቹን አስቀድሞ በሌላው በኩል ወረደ።

"ታዴ፣ ይሄን ሰውዬ ምከረው" አለኝ አብዲ። "ጉልበቱ አልቋል። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። ሌላ ሹፌር እንቅጠር እለዋለሁ፣ አይሰማም።"

"እግሬ እስካለ ነው ያልኩት" አለ ኢስማኢል። "አለ ገና።"

"አለ ይላል እንዴ! ማታ ማታ ሚስቱ ናት በዘይት የምታሸው።"

"ሚስቴን ተዋት።"

ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ እንደ ሐጂ። የፍሪሲዮኑ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ወረድኩና መልሱን እያወቅሁ ጠየቅሁ።

"የት ነው የምትወጡት?"

"ያው አቀበት።"

"ምን ትጎትታላችሁ?"

"ያው ቦቴ።"

"ማን ነው የሚነዳው?"

አብዲ በክራንቹ ወደ ኢስማኢል ጠቆመ። "እሱ። ሌላ ማን አለ?" አለ።

መደርደሪያው ጥግ ላይ ያ ጥንድ አሁንም ነበር፣ ሰባት ለአርባ አንድ። ሐጂ ያሰሩበት ሽቦ ዝጓል፣ ጥርሶቹ ግን በዘይት ጨርቁ ውስጥ እንደ አዲስ ናቸው። የጋራዡ ልጆች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ስልኩ ላይ አስልቶ፣ "ጋሼ፣ ለዚህ ጎማ ሠላሳ ዘጠኙ ይበቃል፤ ይሄኛው ሜዳ ላይ ያዘገያቸዋል" አለኝ። ልክ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው አስልቻለሁ።

"እኛ የምንቸኩልበት የለንም" አለ አብዲ።

የመጨረሻ ሥራዬ ሆኖ ገጠምኩት። በማግስቱ ጠዋት ኢዶ ሳህራ ቆማበት የነበረው አቀበት አናት ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሙሉውን ቦቴ እየጎተቱ ከወንዙ ወጡ፣ በቀስታ። ድሮ ማርሽ የሚቀነስበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሞተሩ ድምፁን ሳይቀይር እስከ ላይ መጣ። አጠገቤ ሲደርሱ በመስኮቱ አየኋቸው፤ አብዲ ቀንስ የሚልበት ስላጣ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፏል፣ ኢስማኢል ደግሞ ግራ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ዘርግቶታል።